«ወደ ታች የሚወስደው ደረጃ» በእንግሊዝኛ እንዴት ይጻፋል? ክፍላችን ራሱ ቁልቁል ሄደ ተባልኩ

የላስታው ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እንግሊዝኛ የምትችሉ እስቲ እርዱኝ። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው፣ እኔን ግን አሳፍሮኛል።

አጎቴ ላሊበላ ውስጥ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለው። ቤቱ ተዳፋት ላይ ስለተሠራ መግቢያው ከላይ ነው፣ ክፍሎቹ ከታች ናቸው። ለኢንተርኔት የሚሆን የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ጻፍልኝ አለኝ፣ ጻፍኩለት። ባለፈው ሰሞን ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት ፈረንጅ እናት መጡ። ደረጃውን ከላይ ሆነው ሲያዩት ቆመው ቀሩ። እኔ ደግሞ «ደረጃ እንዳለው እኮ ጽፈናል» ብዬ ስልኬን አውጥቼ አሳየኋቸው። አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ከዚያ በጣም በትህትና «እዚህ ላይ የተጻፈው እኮ ክፍሉ ወደ ታች ይወስዳል ነው የሚለው፤ ክፍሉ ወዴት ነው የሚወስደኝ?» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሻንጣቸውን በአንድ እጄ፣ እሳቸውን በሌላው ደግፌ አወረድኳቸው።

የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦ «ዘ ስቴር ኦፍ ዘ ሩም ዊች ኢት ሊድ ዳውን»። ወደ ታች የሚወስደው የክፍሉ ደረጃ ማለቴ ነው።

አሁን ላስተካክለው የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። ወደ ክፍሎቹ የሚወስደው ደረጃ 14 እርከን አለው። ከበራችን ወደ ቤተ ጊዮርጊስ የሚወርደው መንገድ ኮረኮንች ነው። ከሰገነቱ ወደ ታች የተንጠለጠለ አበባ አለ። እነዚህን ሰው እንዲገባው አድርጎ እንዴት ይጻፋል? መልሱን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሆነም ንገሩኝ፣ ነገ ሌላ ማስታወቂያ መምጣቱ አይቀርም።

ቸኩሎ አንባቢ፦

«ዘ ስቴርስ ዛት ሊድ ዳውን ቱ ዘ ሩምስ»። በቃ። ይሄን ለመጠየቅ ይሄን ሁሉ ታሪክ።

ጠመኔ፦

ቸኩሎ፣ መልስህ ልክ ነው፤ ግን ልጁ ለምን ብሎ ነው የጠየቀው። ከእንግሊዝኛ አስተማሪ ይልቅ በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው ሆኜ ልመልስ፣ ምክንያቱም ስህተቱ የመጣው ከእንግሊዝኛው ሳይሆን ከአማርኛችን ነው።

በአማርኛ ገላጩ ከፊት ይመጣል። «ወደ ታች የሚወስደው» ብለህ ትጀምርና ደረጃውን መጨረሻ ላይ ታስቀምጠዋለህ። እንግሊዝኛ ይገለብጠዋል፤ መጀመሪያ ደረጃውን ይጠራል፣ ከዚያ ዛት ወይም ዊች ይላል፣ ከዚያ ይገልጻል። ይሄን ሁላችንም ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ እናውቃለን። የማይነገረን ግን ገላጩ ከሚገልጸው ነገር ጋር መጣበቅ እንዳለበት ነው። አንተ «የክፍሉ ደረጃ» የሚለውን ስትተረጉም ክፍሉ መጨረሻ ላይ ወደቀ፣ ዊች ደግሞ እሱን ያዘ። ስለዚህ ወደ ታች የሄደው ክፍሉ ሆነ። ሴትየዋ ያነበቡት የጻፍከውን ነው፣ አልተሳሳቱም። «የክፍሉ»ን ጣለውና ደረጃውን ለብቻው ጥራው፤ ክፍሎቹ ከቱ በኋላ መድረሻ ሆነው ይመጣሉ።

ሁለተኛ፣ ያቺ «ኢት» ትውጣ። ከየት እንደመጣች አውቃለሁ። በአማርኛ ግሱ ራሱ ባለቤቱን ተሸክሞ ነው የሚሄደው፣ «የሚወስደው» ስትል «እሱ» ውስጡ አለ። እንግሊዝኛ ላይ ስትደርስ «እሱ» የጎደለ ስለሚመስልህ ኢት ትጨምራለህ። ዛት ወይም ዊች ግን የባለቤቱን ቦታ ይዟል፤ ሁለት ሰው አንድ ወንበር ላይ አይቀመጥም።

ሦስተኛ፣ ደረጃ በአማርኛ አንድ ነው፣ በእንግሊዝኛ ብዙ። ስቴርስ ሊድ፤ ኤስ ሊድ ላይ አትገባም። ስቴርኬዝ ካልክ ግን አንድ ስለሆነ ስቴርኬዝ ዛት ሊድስ። መንገዱም አንድ ነው፣ ዘ ፓዝ ዛት ሊድስ ዳውን። ተማሪዎቼን ግሱን ከመጻፋችሁ በፊት ወደ ኋላ ዞራችሁ ስሙን እዩት እላቸዋለሁ፤ ዛት ራሱ ነጠላም ብዙም አይደለም፣ ቁጥሩን ከፊቱ ካለው ስም ነው የሚበደረው።

የላስታው ልጅ፦

መምህርት እግዜር ይስጥልኝ። ዛትን ብተወውስ? ፊልም ላይ ሲጥሏት እሰማለሁ።

ጠመኔ፦

የምትጣልበትም የማትጣልበትም አለ። «ዘ ስቴርስ ዩ ቴክ» ማለት ይቻላል፣ አንተ የምትወርድበት ደረጃ ለማለት ነው፤ ባለቤቱ ዩ ስለሆነ ዛት ብትጠፋም ዓረፍተ ነገሩ አይፈርስም። «ዘ ስቴርስ ሊድ ዳውን ቱ ዘ ሩምስ» ስትል ግን ያለቀ ዓረፍተ ነገር ሆነ፣ ደረጃው ወደ ክፍሎቹ ይወስዳል ነው። ከዚያ ቀጥለህ «አር ስቲፕ» ካልክ ሁለት ግስ ተጋጨ። ስለዚህ ወሳጁ ደረጃው ራሱ ሲሆን ዛትን አትንካት። ወሳጁ ሌላ ሰው ሲሆን ጣላት።

ማታ ፈረቃ፦

እኔ ቨርጂኒያ ነኝ፣ ፓርኪንግ ነው የምሠራው። ስለ ቁልቁለት እንግሊዝኛ ካወራችሁ እኔን ጠይቁኝ፤ ሥራዬ ሁሉ ምድር ቤት ነው። በየሌሊቱ ሪፖርት እጽፋለሁ፣ ደረጃው፣ ራምፑ፣ ቧንቧው፣ ገመዱ ሁሉ ወደ ታች ነው የሚሄደው።

መምህርቷ ያልነገረችህን አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም እኔን ዋጋ አስከፍሎኛል። አንድ ሌሊት ከጣሪያው የወረደው ቧንቧ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። በአማርኛ እንደዚህ ነው አይደል የምንለው? «ከጣሪያው የወረደው ቧንቧ»። ቧንቧው አልወደቀም፣ ተሠርቶ ከጣሪያ ወደ ታች የሚወርድ ነው። እኔም እንዳለ ገልብጬ «ዘ ፓይፕ ዛት ኬም ዳውን ፍሮም ዘ ሲሊንግ» ብዬ ጻፍኩ። ሱፐርቫይዘሩ ጣሪያ ተደረመሰ ብሎ በሌሊት ሰው ሰበሰበ። መጡ፣ አዩ፤ ቧንቧው እንደተሰቀለ ነው። የሚያንጠባጥበውም በጠብታ ነው። እስከ ዛሬ «የወደቀው ቧንቧ» ነው የሚሉኝ።

ለካ ኬም ዳውን ወደቀ ማለት ነው። ከምስ ዳውን ብል ኖሮ ሁሉም ሰው በእንቅልፉ ያድር ነበር።

ጠመኔ፦

ማታ ፈረቃ፣ ይሄ ወርቅ ነው፣ ክፍል ውስጥ እጠቀምበታለሁ።

ያልኩትን ልቀጥል። አማርኛ ላይ ቆሞ ያለን ነገር ብዙ ጊዜ በኃላፊ ጊዜ እንገልጸዋለን። «የተንጠለጠለ»፣ «የተዘረጋ»፣ «የወረደ»፣ «የዘለቀ»። አንድ ቀን ተንጠለጠለ፣ አሁንም እዚያው አለ፣ አማርኛ ለዚያ አይጨነቅም። እንግሊዝኛ ግን አሁን ያለበትን ሁኔታ በአሁን ጊዜ ይፈልጋል፦ ሀንግስ፣ ራንስ፣ ሪችስ፣ ከምስ ዳውን። ሌድ ብለህ በኃላፊ ከጻፍክ አንባቢው ደረጃው ፈርሷል ወይ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ተረት እያወራህ ከሆነ ችግር የለም፤ ተረቱ በሙሉ ኃላፊ ስለሆነ ደረጃውም ይከተለዋል። ማስታወቂያ ላይ ግን አይሆንም።

እግረ መንገዴን፣ ኃላፊው ሌድ ሲጻፍ ሦስት ፊደል ብቻ ነው፣ ኤል፣ ኢ፣ ዲ። «ኤ»ን ከጨመርክበትና ሌድ ብለህ ካነበብከው የብረቱ እርሳስ ይሆናል። እንግሊዞቹም ይሳሳቱበታል፣ ስለዚህ አትፈር።

አበባህ ላይ ደግሞ በጣም ተጠንቀቅ። «ሀንግድ» እንዳትል! እሱ ሰው በገመድ ሲሰቀል ነው፣ ሞት ሲፈረድበት። አበባህ ምን አጠፋ? ሀንግ ዳውን በል። «ፍላወርስ ዛት ሀንግ ዳውን ፍሮም ዘ ባልኮኒ»። ደብረ ዳሞ ገዳም የሄደ ወንድ ካለ ያንን የሚወጡበትን የቆዳ ገመድ ያስታውስ፤ ከገደሉ አናት ወደ ታች የተንጠለጠለ ነው፣ «ዘ ሮፕ ዛት ሀንግስ ዳውን ዘ ክሊፍ»። እኛ ሴቶች አይፈቀድልንም፣ በሰዋስው ብቻ ነው የምንወጣው።

ቸኩሎ አንባቢ፦

ታዲያ ዛት ነው ዊች? አንዱን ቁረጡልኝ። አለቃዬ ዊችን ባየ ቁጥር በቀይ ይሰርዛል።

ማታ ፈረቃ፦

አለቃህ አሜሪካ ነው የተማረው። እዚህ የትኛው ደረጃ እንደሆነ ለመለየት ሲሆን ዛት ይመርጣሉ። ዊችን የሚያመጧት ኮማ ካለ ነው።

ጠመኔ፦

እንግሊዞቹ ለመለየትም ዊች ይላሉ፣ ስህተት አይደለም። ኮማ ካለ ግን ሁለቱም አገር ዛትን አይቀበልም። ልዩነቱን በላሊበላ ላሳይህ። ቤተ ጊዮርጊስ አንድ ነው፣ ሌላ ስለሌለ መለየት አያስፈልገውም። ስለዚህ «ቤተ ጊዮርጊስ፣ ዊች ስታንድስ ኢን ኤ ዲፕ ፒት» ብለህ በኮማ ትለያለህ፤ ተጨማሪ ወሬ ነው፣ ብታወጣውም ቤተ ክርስቲያኑ የቱ እንደሆነ ይታወቃል። ማረፊያችሁ ውስጥ ግን ሁለት ደረጃ ካለ፣ አንዱ ወደ ክፍሎቹ፣ አንዱ ወደ ወጥ ቤቱ፣ ያኔ ኮማ አታስገባ፤ ገላጩን ካወጣኸው እንግዳው ወጥ ቤት ይገባል።

ማታ ፈረቃ፦

ቱ እና ኢንቱስ? ይሄም እኔን ሲያምታታኝ የኖረ ነው። እኔ የደረስኩበት፣ መድረሻው ቦታ ብቻ ከሆነ ዳውን ቱ፣ የሚውጥህ ነገር ከሆነ ዳውን ኢንቱ። ጉድጓድ፣ ገደል፣ ዋሻ፣ ምድር ቤት። ቤተ ጊዮርጊስ ከድንጋይ ወደ ታች የተፈለፈለ ነው፣ ቁመቱ 12 ሜትር ያህል ሆኖ ጣሪያው ከዙሪያው መሬት ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። የሚገባውም በተቆፈረ ቦይ ነው። ስለዚህ ቦዩ «ዳውን ኢንቱ ዘ ፒት» ነው፣ ከናንተ በር የሚነሳው መንገድ ግን «ዳውን ቱ ዘ ቸርች»።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ኢንቱ ምን እንደሆነ በሆዱ ያውቀዋል። ከ1000 ሜትር በላይ ነው የሚወርደው፣ ጆሮ ይደፍናል። እሱ መንገድ ሊድስ ብቻ አይበቃውም፤ ስለሚጠማዘዝ «ዘ ሮድ ዛት ዋይንድስ ዳውን ኢንቱ ዘ ጎርጅ» ነው። ዋይንድስ ተብሎ ይነበባል፣ ዊንድስ ካልክ ነፋስ ሆነ።

ደግሞ «ዲሴንድስ ዳውን» አትበሉ። ዲሴንድ ውስጥ ዳውን አለ። «ወደ ታች ወረደ» እንደ ማለት ነው… ቆይ፣ እሱን እኛ እንላለን። ለካ ከዚያ ነው ያመጣሁት።

ሽሮሜዳ፦

ደረጃና ቧንቧ ብቻ ነው እንዴ የሚወርደው? እኔ የሐበሻ ቀሚስ በኦንላይን ነው የምሸጠው፣ ገዢዎቼ ውጭ ያደጉ ልጆች ናቸው፣ አማርኛ አያነቡም። «እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ቀሚስ»፣ «ከአንገት እስከ ታች የወረደ ጥለት»፣ «እስከ ወገብ የሚደርስ ነጠላ»፣ በየቀኑ ይሄንን ነው የምጽፈው። ለሁሉም ሊድ ዳውን እያልኩ ነበር። አንዷ ደንበኛዬ ከአትላንታ «እማማዬ፣ ጥለቱ የት ነው የሚመራኝ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ጠመኔ፦

ሽሮሜዳ፣ ከላስታው ልጅ ጋር አንድ መንደር ናችሁ ማለት ነው። ሊድ የሚወስድ ነገር ነው፤ ሰው ተከትሎት አንድ ቦታ የሚደርስበት። መንገድ፣ ደረጃ፣ ኮሪደር፣ ዋሻ። ጥለት ላይ ማንም አይሄድም። ጥለት ራንስ ዳውን ነው፦ «ዘ ጥለት ዛት ራንስ ዳውን ዘ ፍሮንት»። ቀሚስ ፎልስ ነው፣ «ኤ ድሬስ ዛት ፎልስ ቱ ዘ አንክልስ»፤ እንደ ቧንቧው ወደቀ አይባልም፣ ጨርቅ ላይ ሲሆን ያምራል። ነጠላው «ከምስ ዳውን ቱ ዘ ዌስት»፣ ጸጉርም እንደዚያው፣ ሪችስም ይሆናል። «እስከ» ያልሽበት ቦታ ሁሉ ቱ ይመጣል። ኤክስቴንድን ለመሐንዲስ ተዪለት፣ ቀሚስ ላይ ሲገባ የቤት ፕላን ያስመስላል።

ቆሎ ተማሪ፦

እናንተ እንግሊዝኛ ገለበጠው ትላላችሁ። የተገለበጠውስ አማርኛ ቢሆን? ግእዙን ተመልከቱ። «አቡነ ዘበሰማያት» ስንል አባታችን ቀድሞ ነው «ዘ» የምትከተለው፣ «በሰማያት የምትኖር»። ዘ እንደ ዛት ከስሙ በኋላ ቆማ ገላጩን ትስባለች። ጸሎተ ሃይማኖት ላይም «ወረደ እምሰማያት» የሚለው የዚያው የ«ዘ» ገላጭ ነው። እንግሊዞቹም ሲጸልዩ ሁ ብለው ከም ዳውንን በኃላፊ ነው የሚሉት፣ ምክንያቱም እሱ እንደ ቧንቧ የቆመ ነገር አይደለም፣ አንድ ጊዜ የሆነ ነው። የማታ ፈረቃን ስህተት ሳነብ ይሄ መጣብኝ። ያው ኬም ዳውን ነው፤ እዚያ ልክ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ልክ አይደለም።

ስለዚህ ልጆቼን ሳስጠና ዛት ሲከብዳቸው «ዘ» በሉ እላለሁ። ድምፁ እንኳ ይቀራረባል፣ ዝምድና ግን የላቸውም፣ እንዳትሳሳቱ።

ካርሜል፦

ሃይፋ ነኝ። ዕብራይስጥም እንደ ግእዙ ነው፣ ስሙ ቀድሞ ገላጩ ይከተላል፣ ደረጃው «ሀማድሬጎት ሼሞቪሎት ለማታ» ነው። ያቺ ሼ እንደኛ የ ከግሱ ጋር ተጣብቃ ነው የምትጻፈው። ልጆቼ እንግሊዝኛ ሲማሩ ዛትን ቶሎ ያዟት፣ እናቴ ግን ከአማርኛ ስለምትነሳ እስከ ዛሬ ደረጃውን መጨረሻ ላይ ነው የምትጠራው። ዕብራይስጥም ስትናገር ያው ነው። እኛ እስኪወርድ መጠበቅ ነው።

የላስታው ልጅ፦

አንድ የቀረችኝ ነገር። ሆቴሎቹ ሁሉ «ሊዲንግ ዳውን ቱ» ነው የሚጽፉት። ታዲያ «ዘ ስቴርስ አር ሊዲንግ ዳውን» ልል እችላለሁ?

ጠመኔ፦

አትችልም፣ ጥያቄው ግን ጥሩ ነው። «ዘ ስቴርስ ሊዲንግ ዳውን ቱ ዘ ሩምስ» ማለት «ዛት ሊድ»ን አሳጥሮ መጻፍ ነው፤ ኢንግ ያለው ለማሳጠር እንጂ አሁን እየሆነ ነው ለማለት አይደለም። አርን ስታስገባበት ግን ደረጃው በዚህ ሰዓት እየሠራ ያለ ሰው ይሆናል፣ አንዱን እጁን ይዞ እየመራው። ማስታወቂያ ላይ አጭሩ ያምራል። ሪፖርት ላይም።

ማታ ፈረቃ፦

ሪፖርት ላይማ በጣም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ቃል መቀነስ ትልቅ ነገር ነው።

የላስታው ልጅ፦

እሺ፣ አሁን እንዲህ አድርጌዋለሁ፣ እዩልኝ፦ «ዜር አር 14 ስቴፕስ ሊዲንግ ዳውን ቱ ዘ ሩምስ። ዘ ፓዝ ዛት ሊድስ ዳውን ቱ ቤተ ጊዮርጊስ ኢዝ ስቶኒ። ፍላወርስ ሀንግ ዳውን ፍሮም ዘ ባልኮኒ።»

አጎቴ አይቶት «አበባው ለምን አጠረ?» አለኝ።

ጠመኔ፦

አበባው ላይ ዛትን መጣልህ ብልህነት ነው፣ ያለቀ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ አያስፈልገውም። ሦስቱም ልክ ናቸው። ስቶኒ ላይ ግን «ፕሊዝ ዌር ጉድ ሹዝ» ብትጨምርበት ጥሩ ነው፣ ይሄ ሰዋስው አይደለም።

ቸኩሎ አንባቢ፦

እኔ መጀመሪያ ላይ ይሄንኑ ነበር ያልኩት።

የላስታው ልጅ፦

ወንድሜ ልክ ነህ፣ ግን አንተን ብሰማ ኖሮ አበባዬ በስቅላት ይቀጣ ነበር። ማስታወቂያውን ዛሬ ማታ እቀይረዋለሁ። ለእኚያ እናት ደግሞ ከላይ፣ ከመግቢያው አጠገብ፣ አጎቴ ዕቃ ያስቀምጥባት የነበረችውን ክፍል እያጸዳን ነው፤ በመስከረም እመለሳለሁ ብለዋል።